ፌዝ ሲንሸራተት፦ በአሥራ ሁለት ሲዲ የተሠራ ቀጭን ሽቦ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት የተሳሳተ መልስ ስለ ሰጠሁ ነው። ሐሙስ ዕለት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሱፐርኮንዳክተር፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ስለሚያሳልፍ ቁስ፣ ስተርክ ነበር። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1911 ላይደን ከተማ ውስጥ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም ሲያቀዘቅዝ፣ 4.2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) አካባቢ ላይ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ድራሹ ጠፋ አልኳቸው። ትረካው አምሮልኝ ጠመኔውን ሳስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ «መምህር፣ ሽቦው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ቢሄድስ?» አለችኝ። እኔም ሳላወጣ ሳላወርድ፣ «ቧንቧ ሲጠብ ውኃ እንደሚቸገር ኤሌክትሪኩም ይቸገራል» ብዬ አለፍኩ።

ማታ ነገሩ ከነከነኝ። የሽቦ ተቃውሞ የሚሰላው የቁሱን የተቃውሞ ባሕርይ በርዝመቱ አባዝቶ፣ ሽቦው ቢቆረጥ ለሚታየው ገጽ ስፋት በማካፈል ነው። ባሕርይው ዜሮ ከሆነ ሽቦው የሸረሪት ድር ቢያክልም ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ የቧንቧው መልስ ስሕተት ነው። «ምንም አይሆንም» ማለትም ስሕተት ነው። ስፋቱ ከአሥር ናኖሜትር በታች የወረደ ሽቦ፣ የሰው ፀጉር ሺህ ቦታ ተሰንጥቆ ከሚገኘው ስንጣሪ እንኳ የቀጠነው ማለት ነው፣ ዜሮነቱን ሊያጣ ይችላል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ በቀዘቀዘ ቁጥር ተቃውሞው እየጨመረ ጭራሽ የማያስተላልፍ ይሆናል። ቁሱ ያው፣ ቅዝቃዜው ያው፤ የቀጠነው ግን ከወፍራሙ ተቃራኒ ሆኖ ያርፈዋል።

ልጅቷ ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነበር ለማለት አላፍርም፤ ባዶ እጄን መሄድ ግን አልፈለግሁም። ፈሳሽ ሂሊየም የለኝም። ያለኝ የአዳማ ሙቀት፣ ጓሮ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ክፍል እና ፖስታ ቤት አካባቢ ሱቅ ያላቸው ራዲዮ ጠጋኝ ወዳጄ ናቸው። ስለዚህ ሽቦውን ሳይሆን፣ ሽቦው ውስጥ የሚሆነውን ነገር በእጅ የሚዞር አድርጌ ልሠራው ወሰንኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከመሥራቴ በፊት ነገሩን ለራሴ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ዋልኩ።

በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ያስረዱት ይህን ነው። ጥንዶቹ ሁሉ እንደ አንድ ማዕበል ይሄዳሉ። ማዕበሉ በየቦታው ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ መጠኑ ነው፤ ጥንዶቹ ምን ያህል እንደ በረከቱ ይናገራል። ሁለተኛው ፌዝ ይባላል፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እጅ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክት ነው። ኤሌክትሪክ በማይፈስበት ሽቦ ውስጥ እጆቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሲፈስ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ በቀስ እየዞሩ ይሄዳሉ፣ ልክ እንደ ብሎን ጥርስ። ጥርሱ በጠበበ ቁጥር የሚፈሰው ይበዛል።

እንግዲህ ይህ ፍሰት በምን ይሞታል? ጠመዝማዛው አንድ ዙር ካላጣ አይሞትም። ግማሽ ዙር ማጣት አይቻልም፤ ማዕበሉ ራሱን መልሶ መግጠም አለበትና ወይ ሙሉ ዙር ይጠፋል ወይ ምንም አይጠፋም። ሙሉ ዙር እንዲጠፋ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ የማዕበሉ መጠን ለቅጽበት ዜሮ መሆን አለበት። በዚያች ቀዳዳ ፌዙ አንድ ዙር ይንሸራተታል፤ ወዲያው መጠኑ ይመለሳል። ይህን ሥዕል በ1967 ያቀረበው ዊሊያም ሊትል ነው። በወፍራም ሽቦ ውስጥ ይህን ለማድረግ የሽቦውን ወርድ በሙሉ ለቅጽበት መግደል ያስፈልጋል፤ ዋጋው አይቀመስም። በቀጭን ሽቦ ግን የሚገደለው ትንሽ ነው።

ተቃውሞ የምንለው የእነዚህ መንሸራተቶች ድምር ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢንሸራተት በሽቦው ጫፎች መካከል የሚታየው ቮልቴጅ 2.07 ፌምቶ ቮልት ብቻ ነው፤ ፌምቶ ማለት የቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ማይክሮ ቮልት፣ የቮልት ሚሊዮንኛ፣ ለማየት በሰከንድ 483.6 ሚሊዮን መንሸራተት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ማታ ለወዳጄ ነገርኳቸው። አዳምጠው አዳምጠው፣ «አንተ መምህር፣ ስድሳ ዓመት ስኖር ፌዝ የሚያመጣው ጠብ ነው፤ አሁን ደግሞ ሽቦ ውስጥ ገባ?» አሉኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቃሉን ሲያመጡት አማርኛው ውስጥ ሌላ ፌዝ ተቀምጦ እንደሚጠብቀው አላሰቡም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። አከሻሸፉ ግን ደስ ይላል።

ወዳጄ አንድ ካርቶን ሙሉ የተሰበሩ ራዲዮዎች አንቴና ሰጡኝ። ሐሳቤ ግሩም መስሎኝ ነበር፦ አንቴናው የሚያመለክትበት አቅጣጫ ፌዙ ይሆናል፣ የሚረዝመውና የሚያጥረው ደግሞ መጠኑ። አሥር አንቴናዎችን በአንድ የብረት ዘንግ ላይ በቀለበት ሰካሁና ጫፍ ለጫፍ በላስቲክ አያያዝኳቸው። አንዱን ዳር አስሬ ሌላውን አዞርኩ። ላስቲኩ እንደ ብሎን ጥርስ ተጠማዘዘ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። አሁን መሐል ያለውን አንቴና ወደ ውስጥ ሰብስቤ ዜሮ ሳደርገው አንዱ ዙር ሊያመልጥ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ላስቲኩ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። አራተኛው ዙር ላይ ተበጥሶ ጉንጬን ገረፈኝ።

ጉንጬን እያሸሁ ነው የገባኝ። ዘንጉ መሐል ላይ ተገትሮ ላስቲኩን አላሳልፍ ብሎታል። መጠኑ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ያለው ዘንጉ ያለበት ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ዜሮውን በብረት ዘግቼዋለሁ። ሳላስበው የወፍራም ሽቦ ሞዴል ሠርቻለሁ፤ አንዴ የገባ ዙር የማይወጣበት። በእርግጥም በወፍራም ሽቦ በተሠራ የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ውስጥ የገባ ኤሌክትሪክ ያለ ባትሪ ለዓመታት ይዞራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አንቴና ቀረ። ማግኔት ይሻላል፤ ሁለት ማግኔቶች ሳይነካኩ ይተሳሰራሉ፣ ከልክ በላይ ከተጠማዘዙም መንሸራተት ይችላሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሁለት ሳምንት ዕቃ ፍለጋ። ዝርዝሩን የምጽፈው ሌላ መምህር ሊሠራው ቢፈልግ እንዳይንከራተት ነው።

ድሮ ቪዲዮ ከሚያከራይ ሱቅ የቀሩ አሥራ ሁለት ሲዲዎች። አሥራ ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች፣ ቀዳዳቸው 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋታቸው 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት። የሲዲውን መሐል እስከ 22 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ኩሽኔታውን ማጣበቅ ነው። መጀመሪያ ጋራዥ ያገኘሁትን የብረት ዘንግ ተጠቀምኩ፤ ማግኔቶቹ ሁሉ ወደ ዘንጉ እየዞሩ አስቸገሩኝና የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩበት ቤት ቁራጭ ዘንግ ለመንኩ። በሲዲዎቹ መካከል ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባሁ፤ አለዚያ ተሳስበው ይጣበቃሉ።

ማግኔቶቹን መጀመሪያ በሲዲዎቹ ጠርዝ ላይ አጣበቅኩ፤ ስሕተት ነበር። ሃያ ዲግሪ ያህል እንደ ዞሩ ትስስሩ ይለቅቃል፣ ምንም ዙር አይጠራቀምም። መፍትሔውን ያገኙት ወዳጄ ናቸው፤ «በአግድም አስተኛው፣ ሰሜኑ በአንድ በኩል፣ ደቡቡ በሌላ በኩል ይሁን» አሉ። ልክ ነበሩ። እንዲህ ሲሆን በሁለት ጎረቤት ሲዲዎች መካከል ያለው ኢነርጂ ከሞላ ጎደል ኮሳይን ይሆናል። ይህ ደግሞ ብሪያን ጆሴፍሰን በ1962 በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መገጣጠሚያ ላይ ያገኘው ቀመር ነው። ጎረቤታሞች ሰሜን ከደቡብ መግጠም ስለሚፈልጉ ተራ በተራ ተገላብጠው ይቆማሉ፤ ቀዩን የወረቀት ምልክት እኔም አንድ እያለፍኩ ገልብጬ ለጠፍኩት። አሁን ዝም ብሎ ሲቆም አሥራ ሁለቱም ቀይ ምልክቶች ወደ ላይ ያመለክታሉ። ባለቤቴ በበሩ አሻግራ አየችና፣ «ይህ ለበዓል ነው?» አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ የቆርቆሮ ክፍሏን ሞላት። ሥራ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ሠራ! አንደኛውን ዳር በሚስማር አሰርኩ፣ ሌላውን ማዞር ጀመርኩ። ሲዲዎቹ አሥራ ሁለት ስለሆኑ በመካከላቸው አሥራ አንድ ትስስር አለ። አንድ ሙሉ ዙር ሳዞር እያንዳንዱ ትስስር 33 ዲግሪ ያህል ይደርሰዋል። በሁለት ዙር 65 ዲግሪ ይሆናል፤ ቀዮቹ ምልክቶች ሁለት ጊዜ ተጠምዝዘው እንደ ብሎን ጥርስ ቆሙ። ሌላውንም ዳር አሰርኩትና ቁርስ በላሁ፤ ስመለስም እንደ ቆሙ ነበሩ። ባትሪ የለ፣ የሚገፋው የለ፣ ዙሩ ግን አለ።

ሦስተኛው ዙር ሊሞላ ሲል፣ ስሌቱ እንደሚለው በእያንዳንዱ ትስስር ላይ 98 ዲግሪ ሊደርስ ሲል፣ ከመሐል አንድ ቦታ ቋ! ብሎ አንድ ሲዲ ተገለበጠ፤ ጠመዝማዛው ወደ ሁለት ዙር ተመለሰ። ኮሳይን ከ90 ዲግሪ በላይ አይሸከምም። ይህ ሽቦው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢገፉት ራሱ ይንሸራተታል።

ከሰዓት በኋላ ሙቀትን ጨመርኩ። የሙቀት ምትክ የልጄ አሻንጉሊት መኪና ሞተር ነው፤ ዘንጉ ላይ አንድ ብሎን አጋድዬ ስላሰርኩበት ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ዙር አጠራቅሜ በሁለት ባትሪ ሳንቀጠቅጠው ግማሽ ሰዓት ምንም አልሆነም። በሦስት ባትሪ በአሥር ደቂቃ አራት ጊዜ ተንሸራተተ፤ በተንሸራተተ ቁጥር የጠፋውን ዙር እመልስ ነበር። በአራት ባትሪ መቁጠር አቃተኝ። እንቅጥቅጡ ትንሽ ሲጨምር መንሸራተቱ በብዙ እጥፍ መብዛቱን ላንገርና አምበጋኦካር በ1967፣ ማክከምበርና ሃልፐሪን በ1970 ለእውነተኛው ሽቦ በቀመር አስቀምጠውታል፦ የመንሸራተት ዕድል የሚወሰነው መዝለል ያለበት የኢነርጂ ጉብታ ከሙቀቱ ጋር ባለው ንጽጽር ነው፣ ያውም በኤክስፖኔንሻል። ጉብታው ደግሞ ከሽቦው ገጽ ስፋት ጋር ይመጣጠናል። ሽቦውን ሲያቀጥኑት ጉብታውን እየላጉት ነው።

ሌሊት ላይ አንድ ነገር ደስታዬን ቀነሰው። በዚህ ሥዕል ከሄድን ማቀዝቀዝ ሁሉን ይፈውሳል። ሞተሩን ካጠፋሁት ሲዲዎቼ ዘላለም አይንሸራተቱም። ታዲያ የማያስተላልፈው ሽቦ ከየት መጣ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ለሁለት ቀን መብራት አልነበረም፤ ሞተሩ በባትሪ ስለሚሠራ እኔ ደንታም አልሰጠኝም። ዛሬ ግን ከተጀመረ ጀምሮ ትልቁን ነገር ያገኘሁት በቁጣ ነው ማለት ይቻላል።

ኩሽኔታዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሞሉበት ግራሶ ዙሩን ያዘገየዋል። ሰበቃ ስሕተት ነው፣ እውነተኛ ሱፐርኮንዳክተር ሰበቃ የለበትም ብዬ አሥራ ሁለቱንም አውጥቼ በቤንዚን አጠብኳቸው። አሁን ሲዲው አንዴ ከተመታ እንደ እንዝርት ይሾራል። በደስታ ሁለት ዙር አጠራቅሜ ሦስት ባትሪ ሰጠሁት። ቋ! ቋ! አንዱ ሲንሸራተት ፍጥነቱ ቀጣዩን አስከትሎት ሁለቱም ዙሮች በአንድ ትንፋሽ ጠፉ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ዙር የማይያዝበት፣ እየተወራጨ የሚባትት ነገር ሆነ።

ተናድጄ ከጋራዥ ወፍራም ግራሶ አመጣሁና ኩሽኔታዎቹን እስኪተርፋቸው ሞላኋቸው። በሦስት ባትሪ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አንድም አልተንሸራተተም። ሃያ ደቂቃ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም በቀስታ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ ተንሸራትቶ ቆመ።

ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ሰበቃን እንደ ጠላት ሳሳድድ ኖሬ፣ ለካ ዙሩን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው! ይህን በወረቀት ላይ አንብቤው ነበር፤ በእጄ እስክነካው ግን አልገባኝም። ካልዴራና ሌጌት በ1981 እንዳሳዩት፣ ሰበቃ የኳንተም ሾልኮ ማለፍን፣ ጉብታን ሳይዘሉ በውስጡ ማለፍን፣ ያፍናል። ሽሚድ በ1983 ይህን ወደ ሱፐርኮንዳክተር አምጥቶ አንድ ወሰን አወጣ፤ ወሰኑም የፕላንክ ቁጥር ለአራት እጥፍ የኤሌክትሮን ቻርጅ ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው 6.45 ኪሎ ኦም ነው። ፌዙ ሲንቀሳቀስ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ቮልቴጁ በዙሪያው ባለው ተቃውሞ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየነዳ ኢነርጂ ያቃጥላል። ተቃውሞው ባነሰ መጠን የሚቃጠለው ይበዛል፤ ለፌዙ ወፍራም ግራሶ ሆነለት ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ከ6.45 ኪሎ ኦም ካነሰ ፌዙ ባለበት ይያዛል፣ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይቆያል። ከዚያ ከበለጠ ግራሶው ታጥቧል፤ ፌዙ ይባዝናል።

ለወዳጄ ደውዬ ነገርኳቸው። «ይህማ ግልጽ ነው፤ የጋሪ ፍሬን ሳይኖር ቁልቁለት ይወረዳል?» አሉኝ። አንዳንዴ አርባ ዓመት ራዲዮ መጠገን ከዲግሪ ይበልጣል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

የማታው ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያንሸራትተው ማን ነው? መልሱን ሲዲ ሊያሳየኝ አይችልም። አንድ ሲዲ አሥራ አምስት ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኳንተም እሱን በጉብታ ውስጥ አሾልኮ እስኪያሳልፈው ዓለም ታልፋለች። ለሽቦው ግን ይቻላል። ጆርዳኖ በ1988 በቀጫጭን የኢንዲየም ሽቦዎች ላይ ሲለካ፣ ሲቀዘቅዝ መጥፋት የነበረበት ተቃውሞ እንደ ጅራት ተጎትቶ ቀረ። ሙቀት ሳይገፋው ፌዙ ጉብታውን ሰርስሮ ያልፋል ማለት ነው።

ምን ያህል እንደሚሰረስር የሚወስነው ያው 6.45 ኪሎ ኦም፣ ሽቦው ሳይቀዘቅዝ ጥንዱ በሚዘረጋበት አጭር ርዝመት ላይ ላለው ተቃውሞ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ እሱም በኤክስፖኔንሻል ውስጥ በመቀነስ ምልክት ይቀመጣል። ለምሳሌ ያ ቁጥር 10 ቢሆን ዕድሉ ከ22 ሺህ አንድ ነው። የሽቦው ገጽ በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው እጥፍ ይሆንና ቁጥሩ 5 ይሆናል፤ ዕድሉ ከ148 አንድ። ሽቦው በግማሽ ቀጠነ፣ መንሸራተቱ መቶ ሃምሳ እጥፍ ያህል በዛ። «ትንሽ ይቸገራል» ብዬ ነበር እኮ!

ስለዚህ ወደ አሮጌው ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ሽቦውን ቀለበት አድርጌ አሰብኩት፤ በቀለበቱ ውስጥ 0፣ 1፣ 2፣ ሲቀነስ 1 እያለ የሚሄድ የዙር ቁጥር አለ፤ የኳንተም መንሸራተት ጎረቤታም ቁጥሮችን ያገናኛል። ሃያ አንድ በሃያ አንድ የሆነ ሠንጠረዥ ነው፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሃያ መስመር በታች። የፈለግሁት፣ በቀለበቱ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት ሲለወጥ ዝቅተኛው ኢነርጂ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ነው፤ በቀለበቱ የሚዞረው ኤሌክትሪክ የዚያ ዳገት ቁልቁለት ነው። አንድ ዙር የሚያስከፍለውን ኢነርጂ 1 አልኩት።

መንሸራተት ከሌለ የዳገቱ ከፍታ 0.25 ነው፣ ጫፉም እንደ ጣሪያ የሾለ። የመንሸራተት ጥንካሬው 0.1 ሲሆን ከፍታው 0.204፣ ጫፉ ትንሽ ተላገ። 0.5 ላይ 0.086። በ1 ላይ 0.031። በ2.5 ላይ 0.0025፣ ከመጀመሪያው መቶኛ። ሜዳ ሆነ። ፍሰቱን እንዳሻህ ብትለውጠው ቀለበቱ አይሰማም፤ የሚዞር ኤሌክትሪክ የለም። ጥንዶቹ አልተለያዩም፣ ማዕበሉ አልሞተም፤ ፌዙ ግን የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ ደግሜ አወጣኋቸው፤ ለማጣራት ሳይሆን ማየት ደስ ስላለኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ሱፐርኮንዳክተርነት ሲጠፋ ሽቦው ለምን ተራ ብረት ሆኖ አይቀርም? ለምን ጭራሽ ይዘጋል?

መልሱ ያለው ፌዝና ቁጥር አብረው ሊታወቁ ባለመቻላቸው ላይ ነው። የጥንዶቹ ፌዝ በትክክል ከታወቀ በአንድ ቦታ ስንት ጥንድ እንዳለ አይታወቅም፤ ጥንዶቹ እንደ ልባቸው ይፈስሳሉና። ፌዙ ከባዘነ ደግሞ ቁጥሩ ይቆረጣል፤ እዚህ ይህን ያህል፣ እዚያ ይህን ያህል። ቁጥሩ የተቆረጠበት ቦታ አንድ ጥንድ ልጨምር ቢል ኢነርጂ ይጠየቃል፤ በቅዝቃዜው ውስጥ ያ ኢነርጂ የለም። ስለዚህ ጥንዱ ባለበት ይቆማል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ምሳሌ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ነው፦ መኪናው ሲፈስ ማንም አይቆጥረውም፤ መክፈያው ጋ ሲደርስ ይቆጠራል፣ ሲቆጠር ግን ቆሟል። ምሳሌው ሙሉ አይደለም፤ መክፈያው መኪናውን ያቆመዋል እንጂ መኪናው ስለተቆጠረ አይደለም የሚቆመው። ግን ይያዝልኛል።

ይህን በእውነተኛ ሽቦ ያሳዩት ቤዝርያዲን፣ ላውና ቲንክሃም በ2000 ናቸው። አሠራራቸው ያስቀናኛል። በሁለት ዳርቻዎች መካከል ባለ ጠባብ ቦይ ላይ አንድ የካርቦን ናኖቲዩብ፣ ከካርቦን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ ዘረጉና ሞሊብዲነምና ጀርማኒየም የተቀላቀለበትን ብረት ረጩበት፤ የአዳማ አቧራ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እንደሚያርፈው ብረቱ በቱቦው ላይ አረፈ። ከአሥር ናኖሜትር የቀጠነ ሽቦ ተገኘ። ሳይቀዘቅዙ ተቃውሟቸው ከ6.45 ኪሎ ኦም ያነሱት ሲቀዘቅዙ ሱፐርኮንዳክተር ሆኑ፤ ከዚያ የበለጡት የማያስተላልፉ ሆኑ። ሽቦው ራሱ ለራሱ ግራሶ የሆነ ይመስላል።

ይመስላል ያልኩት ወድጄ አይደለም። በዓመቱ፣ በ2001፣ ላውና ባልደረቦቿ ከሃያ በላይ ረዘም ያሉ ሽቦዎችን ለክተው ወሳኙ የሽቦው ጠቅላላ ተቃውሞ አይደለም አሉ፤ የመንሸራተቱ ብዛት ከገጹ ስፋት ጋር የሚሄድ ሆኖ አገኙት። በ2008 ደግሞ አጫጭር ሽቦዎች ላይ ወሰኑ እንደገና 6.45 አካባቢ ታየ። እኔ የሚመስለኝ አጭሩና ረጅሙ ሽቦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ አጭሩ እንደ አንድ መገጣጠሚያ ነው፣ ዙሪያውን ይሰማል፤ ረጅሙ ውስጥ መንሸራተቶቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ክፍል ውስጥ ግን «እኔ የሚመስለኝ» ብዬ ነው የምናገረው፤ አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ሲዲዎቹን በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። መንገዱ ወደ ቁልቢ በሚጓዙ መኪናዎች ተጨናንቋል፤ ሾፌሩ በየጉድጓዱ ሲነጥር ከኋላ ቋ፣ ቋ ሲል «መምህር፣ ዕቃዎ እየተሰበረ ነው» አለኝ። «አይ፣ እየተንሸራተተ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ቦርዱ ላይ «የቧንቧው መልስ ስሕተት ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስድስቱን ትስስሮች በግራሶ፣ አምስቱን ደግሞ በታጠቡ ኩሽኔታዎች አድርጌ ማንኛውም ተማሪ እንዲያዞር ጠራኋቸው። መንሸራተቱ ሁልጊዜ በታጠበው በኩል ሆነ። አንድ ልጅ ግራሶውን በጣቱ ነክቶ አሸተተና «ሱፐርኮንዳክተር የሚሸተው እንዲህ ነው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፌዙ እዚህም አልቀረም።

የጥያቄው ባለቤት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «ከግራሶ ይልቅ ብዙ ሲዲ ቢጨመርስ? በረጅሙ ላይ የሚንሸራተትበት ቦታ ይበዛ የለም?» አለች። ይበዛል፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ቀዳዳ የሚከፈትበት ቦታ አብሮ ይጨምራል። ግን አሥራ ሁለት ሲዲ ይህን ለማሳየት አይበቃም፤ ሃያ አራት ያስፈልጋል፣ እኩል ግራሶ የተሞላ፣ በእያንዳንዱ ትስስር ላይ ያው 65 ዲግሪ እንዲኖር አራት ዙር ከስድሳ ዲግሪ ያህል የተጠማዘዘ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ወዳጄ ሱቁን ዘግተው ቁልቢ ሄደዋል። ኩሽኔታ ሻጩ ያንን መጠን ስምንት ብቻ ነው የቀረው፤ ያዝልኝ ብዬ ቀብድ ከፈልኩ። አራቱን ከቤታችን አሮጌ ቬንትሌተሮች ማውጣት እችል እንደሆነ ባለቤቴን አልጠየቅኋትም።